ከደብሩ ውስጥ የተጀመረ ጉባኤ፦ የቦጂ ወንጌላውያን ታሪክ እንዴት ይጻፍ?



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ጠባብ ነው። በምዕራብ ወለጋ የምትገኝ አንዲት የገጠር ቀዬና በእርሷ ውስጥ የበቀለው የወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን ነው። ቀዬዋ ቦጂ ትባላለች። ዛሬ ይህ ስም ቦጂ ጨቆርሳና ቦጂ ድርመጂ በሚባሉ ሁለት ወረዳዎች ተከፍሎ ይጠራል፤ እኔ የምናገረው ግን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከመከፈቱ ብዙ አስቀድሞ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለነበረችው ቦጂ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓመተ ምሕረት» ብዬ ካልለየሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የማሳስበው ለወግ ያህል አይደለም፤ ኋላ እንደምታዩት በቦጂ ታሪክ ላይ የዘመን አቆጣጠር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

ርእሱን ያስመረጠኝ የራሳችሁ ጽሑፍ ነው። በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ላይ የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎችን ማማከር ከጀመርሁ ዓመታት ተቈጥረዋል። የአብዛኞቹ የመጀመሪያ ምዕራፍ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይከፈታል፦ በእገሌ ዓመት፣ እገሌ የተባለ ሚስዮናዊ፣ ከእገሌ አገር መጥቶ በዚህ ስፍራ ጣቢያ ከፈተ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱና የክሊኒኩ ግንባታ ይመጣል፤ ከዚያ «የአገሬው ተወላጆች ሚና» የሚል አንድ ንኡስ ክፍል ይታከልበታል። ዓረፍተ ነገሩ ለአንዳንድ ስፍራ እውነት ሊሆን ይችላል። ለቦጂ ግን አይሠራም። የማይሠራበትን ምክንያት ስንመረምር ደግሞ ስለ ሌሎቹም መንደሮች የጻፍነውን መልሰን እንድናይ የሚያስገድድ ነገር እናገኛለን።

እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ቦጂ የደረሱት ሰዎች ስዊድናውያን አልነበሩም። አንደኛው ከሐማሴን የመጡ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው፤ ዳንኤል የተባሉ ባልንጀራቸውና የሁለቱም ሚስቶች አብረዋቸው ነበሩ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ይረዳቸው ነበር፤ ደብዳቤም ይጽፉለት ነበር። ይሁን እንጂ ከሚስዮኑ ነጮች አንድም ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ስዊድናዊው ካርል ሴደርክቪስት አዲስ አበባ የገቡት በ1904 ነው። ስዊድናውያን በወለጋ ተቀምጠው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ማቆም የቻሉት ደግሞ በ1920ዎቹ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስብከት እስከ መጀመሪያው የሚስዮን ግቢ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት የሚያህል ጊዜ አለ። አንድ ትውልድ ማለት ነው። ታሪካችን በጣቢያው መከፈት ሲጀምር ይህ ትውልድ ይወድቃል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቄሱ ስም አንድ ነገር ልበል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የዐሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኵሴ ናቸው። የቅዳሜን ሰንበት ስለ ማክበር በተነሣው ክርክር ከአገር ወጥተው በአርመን አገር ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ከቤተ ክህነቱ ተገልለው በሰሜን አውራጃዎች ገዳማት መሠረቱ። በመጨረሻ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ሰንበታቸው ጸንቶላቸው ታረቁ። በጥምቀት የሚሰጥ ስም ባለ ስሙን አይተረጉምም፤ ከስም ትንቢት ማውጣት የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሳይወጡ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር መከራከር በሐማሴን የቆየ ልማድ ነበረ፤ ክርክሩን ለመጀመር ስዊድናዊ አላስፈለገም።

በእርግጥም ክርክሩን ያስጀመረው ሰው ሳይሆን መጽሐፍ ነው። አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በካይሮ ከፈረንሳዊው ቆንስል ከአስላን ደ ሸርቪል ጋር ለዐሥር ዓመት ያህል ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። የእንግሊዝና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የብራናውን ጽሑፍ ገዝቶ በየክፍሉ ካሳተመ በኋላ በ1840 ሙሉውን አወጣው። ወንጌሎቹ ቀደም ብለው በ1830ዎቹ በሳሙኤል ጎባት እጅ ወደ ትግራይና ጎንደር ገብተው ነበር። በ1860ዎቹ የሐማሴኗ የጸዓዘጋ ካህናትና ደባትር እነዚህን መጻሕፍት ሰብሰብ ብለው ያነቡ ጀመር። ጸዓዘጋም እንደ ቦጂ የገጠር መንደር ናት። ንባቡ ጥያቄ አመጣ፤ ጥያቄው ክስ አመጣ፤ ክሱ ስደት አመጣ። ከተሰደዱት አንዳንዶቹ በምጽዋ አካባቢ ወደ ነበሩት ስዊድናውያን ተጠጉ። ይህን ቅደም ተከተል አስተውሉልኝ። ስዊድናውያኑ ምጽዋ የደረሱት በ1866 ሲሆን ዓላማቸው ሐማሴን አልነበረም፤ በዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጽሑፍ ተነሣሥተው ወደ ኦሮሞ ምድር ለመሄድ ነበር። መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው መጀመሪያ በኩናማ ቆዩ፤ እዚያም በበሽታና በጥቃት ተጎድተው በ1870 ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ከደጋው የመጡትን አንባቢዎች ያገኙት እንግዲህ በዚህ ሁኔታ፣ ራሳቸው መሄጃ አጥተው ሳሉ ነው።

በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በተከፈተው ትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት ስደተኞች ተገናኙ። አንዱ ወገን ከደጋው የወጡት አንባቢዎች ሲሆኑ ሌላው ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆች ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለዱ። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጡ ቆይተው በ1870 በምጽዋ በቬርነር ሙንሲንገር አማካይነት ነጻ ወጡ፤ በ1872 ተጠመቁ፤ ወደ ስዊድን ሄደው ተምረው በ1881 ተመለሱ። በዚያው ዓመት በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ከተነሣው ቡድን ጋር ጉዞ ጀመሩ፤ የመሐዲስቶች ዐመፅ በተነሣበት ጊዜ ስለ ነበር መንገዱ ከሸፈ። መግባት ሲሳናቸው ትርጉም ያዙ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል ታተመ።

ይህን ሥራ የአንድ ሰው አድርገን መተረክ ለምደናል። ያለ አስቴር ጋኖ ግን የኦነሲሞስ ኦሮምኛ ምን ዓይነት ይሆን እንደ ነበረ መገመት አስቸጋሪ ነው። እርሳቸው ከአገራቸው የወጡት ገና ሕፃን ሳሉ ነው፤ ቋንቋቸው በሰው አገር ደህይቶባቸው ነበር። አስቴርም በባርነት ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ በ1886 በባሕር ላይ ነጻ ወጥታ እምኩሉ ገባች። ቃላትን ለቃቅማ ለመዝገበ ቃላቱና ለትርጉሙ መሠረት ያዘጋጀች፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ከቃል ወደ ጽሑፍ ያሻገረች፣ በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ ከኦነሲሞስ ጋር ያዘጋጀች እርሷ ናት። የዚያ ማንበቢያ ትልቁ ክፍል ተረትና ምሳሌ መሆኑን ልብ በሉ። ቦጂ የሚገኝ አንድ እረኛ ልጅ ፊደል ሲቈጥር በመጀመሪያ የሚያነበው የአያቱን ተረት ነው ማለት ነው። የሥነ ትምህርት ባልደረቦቼ ይህን ነገር በ1894 ማን አስቦት ነው ብለው ቢደነቁ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ቦጂ እንመለስ። ሚስዮናውያን በተደጋጋሚ ሞክረው ያልገቡበትን ምድር አንድ ቄስ እንዴት ገባበት? የእኔ መልስ ቄስ ስለ ነበረ ነው የሚል ነው። ነጭ ሰባኪ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ከንጉሠ ነገሥቱና ከጳጳሱ ይመጣል፤ አይመጣምም። መስቀል የያዘ፣ የሚቀድስ፣ ግዕዝ የሚያውቅ የሐማሴን ካህን ግን በሚደርስበት ሁሉ የሚፈለግ ሰው ነበር። ከ1882ቱ የእምባቦ ጦርነት በኋላ ወለጋ ወደ ምኒልክ ግዛት ስትጠቃለል የአካባቢው ገዦች ክርስትና ተነሥተዋል፤ የሌቃ ነቀምቱ ኩምሳ ሞሮዳ በምኒልክ አበልጅነት ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል። ሕዝቡም ጌታውን ተከትሎ ተጠምቋል። አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፤ ካህን ግን በቂ አልነበረም፤ ያለውም ካህን በአብዛኛው የሕዝቡን ቋንቋ አያውቅም። የተጠመቀው ገበሬ በምን ስም እንደ ተጠመቀ እንጂ ወደ ምን እንደ ተጠመቀ የሚነግረው አልነበረም።

ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። በቦጂ በአካባቢው ገዥ ፈቃድ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶው ቤተ ክርስቲያን አገለገሉ፤ ቅዱሱን መጽሐፍም ለሕዝቡ በኦሮምኛ አነበቡለት፤ ሰበኩለትም። እርሳቸው ትግርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ኦሮምኛ የተማሩት ቋንቋ ነው። አንድ የሐማሴን ሰው፣ ከባርነት በወጡ ሰዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ይዞ፣ በወለጋ ደብር ውስጥ ለወለጋ ገበሬ በገበሬው ቋንቋ ሲናገር እናያለን። ከዚህ በላይ የሚብራራ የመነሻ ምዕራፍ ለተመራማሪ አይገኝም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማውን አንድ አተረጓጎም መቃወም እፈልጋለሁ። «በደብሩ ውስጥ ማገልገላቸው መሸሸጊያ ነበር፤ ጊዜው እስኪፈቅድ ድረስ ነው» የሚል ነው። አተረጓጎሙ ለሁለት ተቃራኒ ወገኖች ይመቻል። ለአንዱ ወገን ቄሱን ቆብ የለበሰ ሰርጎ ገብ ያደርጋቸዋል፤ ለሌላው ደግሞ ከዘመናቸው የቀደሙ ብልህ ፕሮቴስታንት። ሁለቱም ከኋላ ወደ ፊት የሚያነቡ ናቸው። በ1898 በቦጂ «ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን» የሚባል፣ ሰው ትቶት የሚሄድበት ሌላ ቤት አልነበረም። በሐማሴን መለያየቱ ከተጀመረ ቆይቶ ነበር፤ ይህን አልክድም፤ ቄሱም ያውቁታል። በቦጂ ግን የያዙት ሥራ አንድ ካህን ለደብሩ ሊያደርገው የሚገባውን ነው፦ ማንበብ፣ መተርጎም፣ ማስተማር። ካህን የካህንን ሥራ ሲሠራ ተሸሽጓል የሚል ሰው፣ ሥራው ለካህን የማይገባ ነው ብሎ አስቀድሞ ፈርዷል ማለት ነው።

ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 በእሳት ቃጠሎ ሕይወታቸው አለፈ። በቦጂ የቆዩት ሰባት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ቀደም ሲል ያነሣሁት የዘመን አቆጣጠር ጣጣም እዚህ ላይ ይመጣል። በፈረንጆቹ 1898 የመጡበት ዓመት ነው፤ ይህም በእኛ 1890 ወይም 1891 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። የሞቱበት 1905 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከ1897 እስከ 1898 ዓመተ ምሕረት ያለው ነው። አንዱ ቁጥር፣ 1898፣ በአንደኛው አቆጣጠር መምጣታቸውን፣ በሌላኛው የመሞታቸውን ሰሞን ያመለክታል። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉትን ምልክቶች ያልጻፈ ጸሐፊ የአንድን ሰው የአገልግሎት ዘመን በአንድ የብዕር ጠብታ ሊያጠፋው ይችላል። በቦጂ ላይ ማንኛውንም የኢዮቤልዩ መጽሔት ስታነቡ ይህን ፈትሹ።

መለያየቱ መቼ መጣ? አንድ ቀን የለውም፤ ምክንያቶቹ ግን ሊዘረዘሩ ይችላሉ፤ ከእነዚህም ቋንቋ አንዱና ከፍተኛው ነው። ኦነሲሞስ በ1904 ወለጋ ገብተው በነቀምት በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ጥላ ሥር ያስተምሩ ጀመር። አካባቢው የነበሩት ካህናት ኦሮምኛ ስለማይሰሙ ምን እንደሚሰበክ ማወቅ አልቻሉም፤ ሕዝቡ ወደዚያ ሲጎርፍ ግን ያያሉ። ክሱ ድንግል ማርያምን ይሳደባሉ የሚል ነበር። በ1906 ጉዳዩ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ኦነሲሞስ እንዲጋዙ ተፈረደ፤ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ወሰኑ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እስከ ፈቀዱላቸው ድረስ ለዐሥር ዓመት ያህል በይፋ የሚያደርጉት ማስተማር ብቻ ሆነ።

ስለ ካህናቱ ፍርደ ገምድል መሆን አይገባንም። ከሰሜን ከጦሩ ጋር የመጣ፣ ኑሮው በተሰጠው መሬት ላይ የቆመ፣ ሕዝቡ በማይገባው ቋንቋ የሚያገለግል ካህን በዚያ ሁኔታ ቢሰጋ ስጋቱ ከሃይማኖት በላይ ነው። ዳኝነቱ ያመጣውን ውጤት ግን እንመዝን። ስብከት ተከለከለ፤ ትምህርት ቤት ተፈቀደ። ስለዚህ በምዕራብ ወለጋ የወንጌላውያኑ እንቅስቃሴ ከደብሩ ዐውደ ምሕረት ወደ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ተዛወረ። ጸሎቱም በየቤቱ ሆነ። ለመገንጠል ማንም ሳይወስን መገንጠሉ በአሠራር መጣ። የክልከላው ዓላማ ምእመኑን በደብሩ ማስቀረት ነበር፤ ያስከተለው ግን ምእመኑ ከደብሩ ውጭ መሰብሰብን እንዲለምድ ነው።

ትምህርት ቤት ያልኋችሁ በትንሽ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ የሚሰጥ ንባብ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ንባብ ምን እንደ ወጣ ለማየት ሁለት ስሞች ይበቃሉ። አማኑኤል አብርሃም በ1913 በቦጂ አካባቢ ተወለዱ፤ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በለንደን አምባሳደር፣ በኋላም ሚኒስትር ሆኑ፤ ከ1963 እስከ 1985 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1929 በዚያው በቦጂ ተወለዱ፤ ከ1966 ጀምሮ የዚችው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከአንዲት የገጠር ቀዬ የመጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ዘመን የአንዲት አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚዳንትና ዋና ጸሐፊ ሆነው አብረው መሥራታቸው በአጋጣሚ የሚታለፍ አይመስለኝም። ከእነርሱ ትውልድ በፊት በቀዬዋ የነበረውን የንባብ ሕይወት ሳያጠኑ የእነርሱን የሕይወት ታሪክ መጻፍ፣ ሥሩን ትቶ ፍሬውን መቍጠር ነው።

የመካከሉን ዘመን በአጭሩ ላልፈው። ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ተባረሩ፤ ጉባኤዎቹ በአገሬው ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን እጅ ቀሩ፤ አልጠፉም። ለቦጂ ይህ አዲስ አልነበረም፤ ያለ ሚስዮናዊ መኖር የተወለደችበት ሁኔታ ነው። ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1944 የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሚስዮን ዝግና ክፍት ብሎ ከፈለ፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የኦሮምኛው መጽሐፍ በየቤቱ ቆየ፤ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ግን ሌላ ሆነ። በጥር 1951 ዓመተ ምሕረት መካነ ኢየሱስ እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት የምዕራቡ ማኅበረ ምእመናን ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ለዚህች ቤተ ክርስቲያን የተሰጣት ስም ግዕዝ መሆኑንም በዚሁ እናስተውል።

የደርግ ዘመን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ኖርዌያዊው ኦይቪንድ ኤይዴ ስለዚህ ዘመን የጻፈውን ያነበባችሁ ወለጋ ከሌሎች ክፍለ ሀገሮች ይልቅ እንዴት እንደ ተመታች ታውቃላችሁ። በምዕራብ ወለጋ አብዛኞቹ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ሕንጻዎቹ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ለእህል መጋዘን፣ ለስብሰባ አዳራሽ ዋሉ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ ብለው ቀሩ፤ በሐምሌ 1979 ከአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ማቀቁ። በመንደር ደረጃ ግን የዚህ ዘመን ታሪክ ገና አልተጻፈም። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ቁልፉን የተቀበለው የቀበሌ ሊቀ መንበር ብዙ ጊዜ በዚያው ጸሎት ቤት ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው። አሳዳጁና ተሳዳጁ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ትዕግሥትና ጨዋነት ያስፈልገዋል። ማንነት ሊያጋልጥ የሚችል ቃለ መጠይቅ ከመቅዳቱ በፊትም የፋኩልቲውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይጠይቅ።

ከ1991 በኋላ ጸሎት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ በርከት ያሉ ሌሎች ቤተ እምነቶችም ወደ ምዕራብ ወለጋ ገጠር ገቡ። ዛሬ በአንድ መንደር ሁለት ሦስት የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ማየት ብርቅ አይደለም። የመጀመሪያው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ከዚህ ጋር ሞቋል። ኢዮቤልዩ ይከበራል፤ የመሥራቾች ፎቶግራፍ ይሰቀላል፤ ሊቃውንትም ምስክር ሆነው ይጠራሉ። እንደ ታሪክ ጸሐፊ ልንመሰክር የምንችለው ለአንዱም ወገን ሙሉ በሙሉ የማይመች ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌዎች በኦርቶዶክሳውያንና በወንጌላውያን መካከል ስለ መቃብር ቦታ ክርክር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ሌላውን «መጤ» ይለዋል፤ ሌላውም ያን የቀድሞውን ዘመን ሁሉ «ጨለማ» ይለዋል። የቦጂ ወንጌላውያን የመጀመሪያ ሰባኪ የደብሩ አገልጋይ ከነበሩ ግን «መጤ» የሚለው ቃል መሠረት ያጣል። ብርሃን ነው የተባለው ስብከት በዚያው ደብር ውስጥ ከተሰማ ደግሞ «ጨለማ» የሚለውም አይቆምም። ይህ ለዕርቅ ብዬ የፈጠርሁት ነገር አይደለም፤ ሰነዱ የሚያሳየን ነው።

ሰነድ ካልሁ ዘንድ ስለ ሰነዶቹ ልናገርና ላብቃ። ስዊድናዊው ጉስታቭ አሬን በ1978 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ዘመን ዋና መነሻችን ነው፤ ጠንካራ ሥራ ነው። የቆመው በአመዛኙ ወደ ስዊድን በተላኩ ደብዳቤዎች ላይ ነው። ወደ ስዊድን የሚጻፍ ደብዳቤ ለስዊድን አንባቢ የሚሆነውን ይመርጣል፤ የልጆቹን ቁጥር፣ የተገዛውን ወረቀት፣ የደረሰውን መከራ ይነግረናል። ሚስቶቻቸው በቦጂ ምን ያስተምሩ እንደ ነበር፣ ከደብሩ ቄሰ ገበዝ ጋር ማን እንደ ተስማማ ማን እንደ ተጣላ፣ የትኛው ገበሬ በየትኛው ጥቅስ ላይ እንደ ተከራከረ እምብዛም አይነግረንም። ይህ ያለው በቃል ነው፤ ቃሉን ከአያቶቻቸው የሰሙ ሰዎችም አርጅተዋል።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ችግር አለ። የ1899ኙ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ የቦጂ ልጆች በቁቤ ተምረዋል። ስለ ቁቤ የሚነሣው ክርክር የዛሬ ጉዳዬ አይደለም፤ ለኦሮምኛ አናባቢዎችና ለሚጠብቁ ድምፆቹ የሚመች መሆኑን የቋንቋ ባልደረቦቼ አስረድተውኛል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ ቋንቋውን የሚናገረው ልጅ ፊደሉን አያነብም፤ ፊደሉን የሚያነበው የሌላ አካባቢ ሰው ቋንቋውን አይሰማም። አያቱ በሳጥን ያስቀመጡትን፣ በኅዳጉ ላይ የልደትና የሞት ቀን የተጻፈበትን መጽሐፍ የልጅ ልጁ ገልጦ ማንበብ አይችልም። ኅዳጉ ላይ ያሉት እነዚያ ማስታወሻዎች ደግሞ የቦጂን ታሪክ ከስዊድን ደብዳቤዎች ውጭ የምናገኝባቸው ጥቂት ጽሑፎች ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ የማንበብ ትምህርት እንዲሰጥ ለትምህርት ክፍሉ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ሁለቱንም ፊደል የሚያውቁ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህራን በምዕራብ ወለጋ አሁንም አሉ፤ አስተማሪዎቹ እነርሱ ይሁኑ። የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ጠባብ ይሁን፦ ከአንድ መንደር፣ ከፈቃደኛ ቤተሰቦች፣ የመጽሐፍ ኅዳጎችን ፎቶግራፍ ማንሣት፤ መጽሐፉን ሳንወስድ፣ ቅጂውን ለቤተሰቡ ሰጥተን። ከደብሩም ካህናት ፈቃድ ከተገኘ የደብሩ መዝገብ አብሮ ይታይ፤ የአንዱ ቤት ጽሑፍ ያለ ሌላው ሊነበብ አይችልምና።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።